ፍልውሃ ስለ መጣበት ዓለት ምን ይመሰክራል?

ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስደንቀው የገደሉ ጥልቀት ነው። ድንጋዩን ልብ ብሎ የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። ያ ድንጋይ እንደ ተነባበረ እንጀራ ድርብ በድርብ ሆኖ ይታያል፤ እያንዳንዱም ድርብ በአንድ ወቅት ቀልጦ ከምድር ሆድ የፈሰሰ ዓለት ነው። የሰሜን ተራራ ዝናብ በላዩ ላይ ሲዘንብ ከፊሉ በጎርፍ ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ ከፊሉም በስንጥቁ እየሰረገ ወደ ውስጥ ይገባል። ወደ ውስጥ የገባው ውሃ ከድንጋዩ ጥቂት ጥቂቱን እያሟሟ ይዞ ይሄዳል።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ ውሃ ከዓለት ከሚወስዳቸው ነገሮች መካከል በመጠን እጅግ ያነሱትን፣ በምስክርነታቸው ግን ከፍ ያለ ዋጋ ያላቸውን አንድ ወገን ንጥረ ነገሮች ነው። እነዚህም ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች የሚባሉት ናቸው። ስማቸው በዛሬው ጊዜ ከጋዜጣና ከዜና አይጠፋም፤ የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ገንዘባቸው ነው። እኛ የምናነሣው ሌላውን ጠባያቸውን ነው። በፍልውሃ ውስጥ የሚገኙት ብርቅዬዎች ውሃው በምን ዓይነት ዓለት ውስጥ እንዳለፈ፣ ምን ያህል እንደ ጋለ፣ ጠባዩም እንዴት እንደ ነበረ ይናገራሉ። በሀገራችን ፍልውሃ የማይገኝበት አውራጃ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ይህን ንግግር መስማት መቻል ለእኛ ለተማሪዎች ትንሽ ነገር አይደለም።

ስማቸው ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1787 ካርል አክሰል አሬኒየስ የተባለ የስዊድን የጦር መኮንን፣ በስቶክሆልም አቅራቢያ ኢተርቢ ከምትባል መንደር የድንጋይ ካባ አንድ ከባድ ጥቁር ድንጋይ አገኘ። በ1794 ዮሃን ጋዶሊን የተባለ የፊንላንድ ኬሚስት ድንጋዩን መርምሮ እስከዚያ ጊዜ ያልታወቀ «አፈር» በውስጡ እንዳለ አስታወቀ። በዚያ ዘመን ኬሚስቶች በእሳት በቀላሉ የማይቀልጠውንና በውሃ የማይሟሟውን ኦክሳይድ ሁሉ «አፈር» ይሉት ነበር። «ብርቅዬ አፈር» የሚለው ስም የቀረው ከዚህ ልማድ ነው። ከዚያች ትንሽ መንደር ስምም አራት ንጥረ ነገሮች ተሰይመዋል፤ እነሱም ኢትሪየም፣ ተርቢየም፣ ኤርቢየምና ኢተርቢየም ናቸው።

የቤተሰቡ ተራ በላንታነም በቁጥር 57 ይጀምርና በሉቴሺየም በቁጥር 71 ያበቃል። በጠባይ የሚመስሏቸው ኢትሪየምና ስካንዲየምም ብዙውን ጊዜ ከእነሱ ጋር ይቆጠራሉ። ከአሥራ አምስቱ መካከል ፕሮሜቲየም የጸና አይሶቶፕ ስለሌለው በውሃ ጥናት ውስጥ የሚለኩት አሥራ አራቱ ናቸው።

ስማቸው «ብርቅዬ» ይባል እንጂ በመጠናቸው ያን ያህል ብርቅ አይደሉም። ሴሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው መጠን ከመዳብ ጋር የሚቀራረብ ነው። የሚያስቸግረው በአንድ ቦታ ተከማችተው አለመገኘታቸውና እርስ በርሳቸው ለመለየት አለመመቸታቸው ነው። ለመለየት የሚያስቸግሩበትም ምክንያት እንዲህ ነው። ከላንታነም ወደ ሉቴሺየም በተራ ስንሄድ የሚጨመረው ኤሌክትሮን የሚገባው በአተሙ የውጭ ዙሪያ ሳይሆን በውስጠኛው ክፍል ነው። ስለዚህ ውጫቸው አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ሁሉም ሦስት ሦስት ኤሌክትሮን ሰጥተው በሦስት አዎንታዊ ሙል መገኘት ይወዳሉ። የሚለዩት በአንድ ነገር ነው። ቁጥራቸው እየጨመረ በሄደ መጠን የአዮናቸው ስፋት በጥቂት በጥቂቱ እየጠበበ ይሄዳል።

እንግዲህ አንድ እናት የወለደቻቸው፣ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ፣ በቁመት ብቻ የሚበላለጡ ወንድማማቾች ይመስላሉ። የሚለያቸው ነገር ቢኖር ቁመታቸውን ተመልክቶ የሚለይ ነገር ነው። ስለዚህ በውሃ ወይም በዓለት ውስጥ ታላላቆቹ በዝተው ታናናሾቹ ቢያንሱ፣ ወይም ነገሩ ቢገለበጥ፣ ምን ዓይነት ወንፊት እንዳለፉ መገመት ይቻላል። ሊቃውንት የመጀመሪያዎቹን «ቀላል»፣ የመጨረሻዎቹን ደግሞ «ከባድ» ብርቅዬዎች ይሏቸዋል።

የንባቡ ዘዴ

አንድ ሰው የዓለትን ብርቅዬዎች ለክቶ ቁጥሩን በሠንጠረዥ ቢያስቀምጥ በመጀመሪያ የሚያየው መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ የሚወጣና የሚወርድ ነው። ቁጥራቸው ሙሉ የሆነው ከጎናቸው ካሉት ጎዶሎዎች ሁልጊዜ ይበልጣሉ፤ ይህ አተሞች በከዋክብት ውስጥ ሲፈጠሩ የተወሰነ ሕግ ነው። ይህን መውጣትና መውረድ ለማስወገድ ጃፓናዊው አኪማሳ ማሱዳ በ1962፣ አሜሪካዊው ቻርልስ ኮርየል ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር በ1963 አንድ ቀላል ዘዴ አሳዩ። ኮርየል ቀደም ብሎ በ1945 ፕሮሜቲየምን ካገኙት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበር። ዘዴው የተለካውን ቁጥር፣ ከሰማይ የወደቀ ኮንድራይት የተባለ ድንጋይ በያዘው ቁጥር ማካፈል ነው። ያን ጊዜ የመጋዙ ጥርስ ይጠፋና ለስላሳ መስመር ይቀራል። መስመሩ ወደ ቀኝ ቢያዘቀዝቅ ቀላሎቹ መብዛታቸውን፣ ቢቃና ሚዛናቸውን መጠበቃቸውን እናያለን። ለውሃ ሲሆን ከኮንድራይት ይልቅ በአማካይ የጭቃ ድንጋይ ወይም ውሃው ባለፈበት ዓለት ማካፈል የተለመደ ነው። ውሃውን በዓለቱ አካፍለን መስመሩ ከተቃና ውሃው የዓለቱን ብርቅዬዎች ሳያዳላ ወስዷል ማለት ነው፤ ከተጣመመም በመንገድ ላይ አንድ ነገር ገጥሞታል።

የሊማሊሞ ዓለት

አሁን ወደ ሰሜን ተራራ ግርጌ እንመለስ። ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ አቅጣጫ የሚወርደው ገደል ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ የተነባበረ ባዛልት ስለሚያሳይ፣ የዓለምን ጂኦሎጂስቶች ዐይን ስቧል። በ1997 ሆፍማንና ባልደረቦቻቸው፣ ከእነሱም መካከል ኢትዮጵያዊው ገዛኸኝ ይርጉ፣ ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት ከዚህ ከሊማሊሞ የተወሰዱ ድንጋዮች ዕድሜ ተለክቷል። የተገኘውም ውጤት የሰሜኑን የኢትዮጵያ ደጋ የሠራው የባዛልት ጎርፍ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መፍሰሱን አመለከተ። ለሰው ዕድሜ አንድ ሚሊዮን ዓመት ብዙ ነው፤ ለምድር ታሪክ ግን ጥድፊያ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት በ1998 ፒክና ባልደረቦቻቸው የሰሜን ምዕራብን ደጋ ባዛልት በታይታኒየማቸውና በብርቅዬዎቻቸው ከፋፈሉት። በምዕራቡ በኩል የሚገኘው ታይታኒየም ያነሰው ባዛልት የብርቅዬ መስመሩ የተቃና የሚመስል ነው። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ላስታ በኩል የሚገኘው ታይታኒየም የበዛበት ግን ቀላሎቹ ብርቅዬዎች የጎሉበትና መስመሩ ወደ ቀኝ የሚያዘቀዝቅ ነው። በዐይን ሲታዩ ሁለቱም ጥቁር ድንጋይ ናቸው። እረኛው ተቀምጦባቸው ከብት ቢጠብቅ፣ ግንበኛውም ጠርቦ ቤት ቢሠራባቸው ልዩነት አያይም። ብርቅዬዎቹ ግን አንዱ ከሌላው በተለየ ሁኔታ ከምድር ጥልቀት መቅለጡን ይናገራሉ። ውሃም በእነሱ ውስጥ ሲያልፍ ይህንኑ ምልክት ይወርሳል።

ዝናብ እንዴት ፍልውሃ ይሆናል?

ብዙ ሰው ፍልውሃ ከምድር እሳት አብሮ የተፈጠረ ይመስለዋል። ነገር ግን አብዛኛው ፍልውሃ የዝናብ ውሃ ነው። ዝናቡ በስንጥቅ ወደ ጥልቅ ይወርዳል፤ ወደ ታች በወረደ መጠን ዓለቱ ይሞቃል፤ በተራ ምድር በየአንድ ኪሎ ሜትሩ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይጨምራል፤ እሳተ ገሞራ ባለበት አካባቢ ደግሞ ጭማሪው ከዚህ እጅግ ይበልጣል። የጋለ ውሃ ከቀዝቃዛው ስለሚቀል ሌላ ስንጥቅ ሲያገኝ ወደ ላይ ይመለሳል።

የአዲስ አበባ ፍልውሃ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ውሃው በስሙ በተጠራው የምድር ስብራት በኩል ይወጣል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በአጠገቡ ቤት ማሠራታቸው የዋና ከተማችን መቆርቆር ምክንያት መሆኑን ሁላችንም ከታሪክ ትምህርት እናውቃለን። ውሃውን ስንመረምረው ሶዲየምና ቢካርቦኔት የበዛበት ነው። በደቡብ ጎንደር በደራ ወረዳ በጉማራ ወንዝ አጠገብ የሚገኘው ዋንዛዬም ከሩቅም ከቅርብም ሕመምተኛ ፈውስ ፍለጋ የሚመጣበት ፍልውሃ ነው። ወደ ስምጥ ሸለቆ ስንወርድ ደግሞ በላንጋኖ ሐይቅ አጠገብ የአሉቶ እሳተ ገሞራ አለ። በዚያ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. 8 ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ከ300 ዲግሪ በላይ የጋለ ውሃ ተገኝቷል፤ በዚያ ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማም የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የእንፋሎት ኤሌክትሪክ ጣቢያ እዚያ ተተክሏል።

እነዚህ ሦስቱ ውሃዎች በሙቀታቸው ብቻ ሳይሆን በዓለታቸውም ይለያያሉ። የጣና አካባቢና የሰሜኑ ደጋ መሠረት ባዛልት ነው። የአሉቶ ግን በአብዛኛው ራዮላይትና ባልጩት ነው።

ውሃው ምን ያህል ይወስዳል?

ቡና ያፈላ ሰው እንደሚያውቀው ከአንድ ቡና የሚወጣው አቦል፣ ቶናና በረካ አንድ ዓይነት አይደለም። የሚወጣው ነገር ብዛት በዱቄቱ ብቻ አይወሰንም፤ በእሳቱ፣ በጊዜውና በውሃውም ይወሰናል። የብርቅዬዎች ነገርም እንዲሁ ነው።

አኒ ሚሻር የተባሉ ፈረንሳዊት ተመራማሪ በ1989 የተለያዩ አገሮችን ፍልውሃዎች አነጻጽረው ያሳዩት ዋና ነገር፣ የብርቅዬዎቹን መጠን ከሁሉ ይልቅ የሚወስነው የውሃው አሲድነት መሆኑን ነው። ፒኤች በወረደ መጠን፣ ማለት ውሃው አሲድ በሆነ መጠን፣ ብርቅዬዎቹ በብዛት ይሟሟሉ፤ ሙቀቱም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። አሲድ የሌለበት ፍልውሃ ግን ምንም ቢግል እጅግ ጥቂት ይይዛል። አንድ ኪሎ ባዛልት ሴሪየምን በሚሊግራም አሥር ቤት ይይዛል፤ አሲድ በሌለበት ፍልውሃ ግን በአንድ ሊትር ውስጥ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በናኖግራም የሚቆጠር ነው። አንድ ናኖግራም የሚሊግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

ሁለተኛው ነገር ውሃው የሚይዘው ጓደኛ ነው። ብርቅዬ አዮን በውሃ ውስጥ ብቻውን አይሄድም፤ ከካርቦኔት፣ ከሰልፌት፣ ከክሎራይድ ወይም ከፍሎራይድ ጋር ተጣምሮ ይሄዳል። ካርቦኔት በተለይ ጠበብ ያሉትን ከባዶቹን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ እንደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና ምንጮች ካርቦኔት በበዛበት ውሃ ቀላሎቹ በጭቃና በዝገት ላይ ተጣብቀው ሲቀሩ ከባዶቹ በውሃው ውስጥ ይቆያሉ። መስመሩም ወደ ቀኝ ከፍ ይላል። ይህን የማያውቅ ተማሪ ዓለቱ ከባዶች የበዙበት ነው ብሎ ሊፈርድ ይችላል፤ ዓለቱ ግን ንጹሕ ነው፤ የለየው ካርቦኔቱ ነው።

ከወንድሞቻቸው የተለዩ ሁለቱ

ከአሥራ አራቱ መካከል ሁለቱ የቤተሰቡን ልማድ የሚተዉበት ጊዜ አለ። እነሱም ሴሪየምና ዩሮፒየም ናቸው። ከሁሉ የበለጠ ነገር የሚናገሩትም እነዚሁ ናቸው።

ሴሪየም ኦክሲጅን ሲያገኝ አራተኛ ኤሌክትሮን ይሰጣል። ያን ጊዜ የማይሟሟ ይሆንና ከብረትና ከማንጋኒዝ ዝገት ጋር ተጣብቆ ከውሃው ይወጣል። የባሕር ውሃ የሴሪየም ጉድለት የሚታይበት፣ በባሕር ወለል ያለውም የማንጋኒዝ እንክብል ሴሪየም የሚበዛበት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በአንድ ፍልውሃ የሴሪየም ጉድለት ብናገኝ ውሃው በመንገዱ ላይ አየር አግኝቷል፣ ወይም አየር ካገኘ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ተቀላቅሏል ብለን እንጠረጥራለን። ይህ ለፍልውሃ ቁፋሮ መሐንዲስ ትልቅ ነገር ነው። ከላይ የቀዘቀዘ ውሃ የተቀላቀለበትን ምንጭ ሙቀት ብቻ አይቶ ከታች ያለውን ሙቀት የሚገምት ሰው አሳንሶ ይገምታልና።

ዩሮፒየም ደግሞ በተቃራኒው፣ ኦክሲጅን በጎደለበትና ሙቀት በበዛበት ስፍራ አንድ ኤሌክትሮን ይቀበልና በሁለት አዎንታዊ ሙል ይገኛል። ያን ጊዜ ስትሮንሺየምን ስለሚመስል በፌልድስፓር ማዕድን ውስጥ የካልሲየምን ቦታ ይይዛል። ከዚህ ሁለት ውጤት ይመጣል። የመጀመሪያው በቀለጠ ዓለት ላይ የሚታይ ነው። ፌልድስፓሩ እየረጋ ከቅላጩ ሲለይ ዩሮፒየምን ይዞት ይሄዳል፤ የሚቀረው ቅላጭ ራዮላይት ሲሆን የዩሮፒየም ጉድለት ይታይበታል። የስምጥ ሸለቆ ራዮላይትና ባልጩት ይህን ጉድለት ያሳያሉ። ሁለተኛው በውሃ ላይ የሚታይ ነው። ከ250 ዲግሪ በላይ በጋለና ኦክሲጅን በሌለው ውሃ ዩሮፒየም ከወንድሞቹ ይልቅ በብዛት ይሟሟል፤ ውሃውም የዩሮፒየም ትርፍ ያሳያል። በ1983 ሚሻርና ባልደረቦቻቸው በምሥራቅ ፓሲፊክ የባሕር ወለል ከሚፈልቁት ከ300 ዲግሪ በላይ ከጋሉ ምንጮች ይህንኑ ትርፍ አግኝተዋል።

እስቲ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ያለ ስም ቀረበልን እንበል። አንደኛው እንደ ሊማሊሞ ባለ ባዛልት ውስጥ በመጠነኛ ሙቀት ያለፈ ነው፤ ሁለተኛው እንደ አሉቶ ባለ ራዮላይት ውስጥ ያለፈ ነው። ሁለቱም ጥርት ያሉና ሽታ የሌላቸው ይሁኑ። መስመራቸውን ስናወጣ የመጀመሪያው ዩሮፒየም ላይ ሳይጎድል ያልፋል፤ ሁለተኛው እዚያ ቦታ ላይ ጉድጓድ ያሳያል። ጉድጓዱ ቢሞላ ወይም ወደ ላይ ቢወጣ ደግሞ ውሃው ከታች እጅግ ጋል ብሎ እንደ ነበረ እንጠይቃለን። እንዲህ ያለው ጥያቄ መሬቱን ሳይቆፍሩ ስለ መሬቱ ውስጥ መጠየቅ ነው።

ምስክሩን ሳያበላሹ መቀበል

በናኖግራም የሚቆጠር ነገር ሲለካ የለኪው እጅ ራሱ ምስክሩን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ውሃው የሚቀዳው በአሲድ በታጠበ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። በምንጩ ዳር ወዲያውኑ 0.45 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ ይጣራል፤ ቀጥሎ ጥቂት ጠብታ እጅግ የጠራ የናይትሪክ አሲድ ይጨመርበትና ፒኤቹ ከ2 በታች ይደረጋል። ይህ ካልተደረገ ብርቅዬዎቹ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። ሙቀቱና ፒኤቹም በዚያው በምንጩ ዳር መለካት አለባቸው፤ ወደ ከተማ እስኪደርስ ይለወጣሉና።

ከዚያ በኋላ የሚለካው አይ ሲ ፒ ኤም ኤስ በተባለው መሣሪያ ነው። መሣሪያው ውሃውን እጅግ በጋለ የአርጎን ፕላዝማ ውስጥ ነፍቶ አተሞቹን በክብደታቸው ይለያል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፍልውሃ ብዙ ጊዜ ባሪየም ይይዛል፤ ባሪየም በፕላዝማው ውስጥ ከኦክሲጅን ጋር ሲጣመር ክብደቱ 151ና 153 ይሆናል። የዩሮፒየም ሁለት አይሶቶፖች ክብደትም 151ና 153 ነው። ይህን ያላረመ ሰው የባሪየምን ጥላ አይቶ የዩሮፒየም ትርፍ አገኘሁ ይላል፤ ከዚያም ተነሥቶ ከታች 300 ዲግሪ የጋለ ውሃ አለ ብሎ ይጽፋል። በዚህ ጽሑፍ ተመርቶ ጉድጓድ ቢቆፈር የሚባክነው ገንዘብ የሕዝብ ነው።

ሌላም ምልክት አለ። በ1996 ባውና ዱልስኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በበርሊን ወንዞች ውስጥ ከተፈጥሮ ልክ ያለፈ ጋዶሊኒየም አገኙ። ምንጩ በሆስፒታል ለኤም አር አይ ምርመራ ለሕመምተኞች የሚሰጠው የጋዶሊኒየም መድኃኒት ነበር። በትልቅ ከተማ መካከል ባለ ምንጭ የጋዶሊኒየም ትርፍ ቢገኝ እንግዲህ የሚጠረጠረው ዓለቱ ሳይሆን የከተማው ፍሳሽ ነው።

ሀብት ነውን?

ቻይና እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ውጭ የምትልከውን የብርቅዬ መጠን ስትቀንስ ዋጋው በ2011 ሰማይ ነካ። ኒዮዲሚየምና ዲስፕሮሲየም ለኤሌክትሪክ መኪና ሞተርና ለነፋስ ኃይል ማመንጫ ማግኔት ስለሚፈለጉ እስከ ዛሬ ድረስ መንግሥታት ይሻሙባቸዋል። ስለዚህ «ምንጩ ብርቅዬ ማዕድን አለበት» የሚል ወሬ በቀላሉ የሰውን ልብ ያሞቃል። ሒሳቡን ግን እንሥራው።

በሰከንድ 10 ሊትር የሚያፈልቅ ምንጭ አለ እንበል፤ በአንድ ሊትርም ውስጥ የብርቅዬዎቹ ድምር 1 ማይክሮግራም ይሁን፤ ይህም አሲድ ለሌለበት ውሃ ብዙ ነው። ምንጩ በዓመት 315 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ያፈልቃል። በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ ያለው የብርቅዬዎች ድምር 315 ግራም ነው። አንዲት ጠብታ ሳትጠፋ ቢሰበሰብ እንኳ የዓመቱ ምርት ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ዓለም ግን በዓመት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ቶን ያመርታል። ይህም የሚገኘው በውስጥ ሞንጎሊያ እንዳለው ባያን ኦቦና በ1949 በካሊፎርኒያ እንደ ተገኘው ማውንቴን ፓስ ካሉ፣ ተፈጥሮ ራሷ ካከማቸቻቸው ዓለቶች፣ እንዲሁም በደቡብ ቻይና እንዳለው ባለ ለረጅም ዘመን ከበሰበሰ ዓለት ከቀረ ሸክላ አፈር ነው። ለፍልውሃችን ከዚህ የሚበልጡ ሦስት ጥቅሞች አሉት፤ መታጠቢያነቱ፣ የኤሌክትሪክ ኃይልነቱና ምስክርነቱ።

በዚያው መንገድ የሚመጣ ሌላ ነገር

ብርቅዬዎቹ የሚመሰክሩለት መንገድ ጤናንም ይነካል። የስምጥ ሸለቆ ራዮላይት ፍሎራይድ የበዛበት ዓለት ነው። በተራ ውሃ ካልሲየም ፍሎራይዱን ይዞ ያረጋዋል። በሶዲየምና ቢካርቦኔት በበዛበት ውሃ ግን ካልሲየሙ ቀድሞ ከካርቦኔት ጋር ተጣምሮ ኖራ ይሆናል፤ ፍሎራይዱም የሚያረጋው አጥቶ በውሃው ውስጥ ይቀራል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚመክረው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶችና ምንጮች ከዚህ ያልፋሉ። በልጅነቱ ይህን ውሃ የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ብዙ ዓመት የጠጣውም አጥንቱ ይጎዳል፤ በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ የደረሰውን ይህን የአጥንት ሕመም ሐኪሞች መዝግበውታል። ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ በዐይን አይታወቅም። ዓለቱን የሚያውቅ ሰው ግን የትኛው ጉድጓድ ቀድሞ መመርመር እንዳለበት ይገምታል። የባዛልቱን ውሃ ከራዮላይቱ ውሃ መለየት መቻል እዚህ ላይ የፈተና ጥያቄ መሆኑ ያበቃል።

ለመታጠብና ለመጠመቅ ወደ ፍልውሃ የሚሄደውን ሕዝብ እምነቱን የሚነካ ነገር ከዚህ ውስጥ የለም። ብርቅዬዎቹም በዚህ መጠን ሲገኙ የሚታጠበውን አይጎዱም፤ ፈውሱንም እነሱ ሰጡት ለማለት አይቻልም። የምንለው፣ የሚታጠቡበትን ውሃ ለመጠጥ ከማድረግ በፊት ፍሎራይዱ ይለካ ነው።

የእኛ ድርሻ

የኬሚስትሪ ተማሪ ምንጩን ሳያይ ቁጥሩን ብቻ ቢይዝ፣ የጂኦሎጂ ተማሪም ዓለቱን እያየ ቁጥሩን ቢንቅ፣ የሕክምና ተማሪም ሁለቱን ትቶ ጥርሱን ብቻ ቢያይ ሥራው ጎዶሎ ይሆናል። የአንድ ፍልውሃ ጉዳይ ሦስቱንም ይፈልጋል። አይ ሲ ፒ ኤም ኤስ ውድ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ሥራው ከመሣሪያው ይቀድማል። ለዕረፍት ወደየወረዳው የሚሄድ ጓደኛችን ሁሉ ቴርሞሜትርና የፒኤች ወረቀት ይዞ፣ በአካባቢው ያለውን ምንጭ ሙቀትና ፒኤች፣ የሚወጣበትን ዓለት ዓይነት፣ ዝገት ወይም ኖራ ማስቀመጡን፣ ቀኑንና የዝናቡን ወቅት ቢመዘግብ፣ ሕዝቡም ውሃውን ለምን ለምን እንደሚጠቀምበት ሽማግሌዎችን ጠይቆ ቢጽፍ፣ ለኋለኛው መርማሪ መሠረቱን ጣለለት ማለት ነው። በበጋና በክረምት የተወሰደ ሁለት መዝገብ ካለ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ እንደሚቀላቀል ወይም እንደማይቀላቀል ከዚያው መታየት ይጀምራል።

የሊማሊሞን ድንጋይ ዕድሜ ካወጁት ስሞች መካከል የኢትዮጵያውያን ስም መኖሩ ደስ ያሰኛል። የምንጮቻችንን መዝገብ ለመሙላት ግን ጥቂት ስሞች አይበቁም። ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ከሁላችንም እጅ አለ፤ በሚመጣው ዕረፍት ከዚያ እንጀምር።